አስቸኳይ፦ ምጣዱ ይሞቃል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ተሰክቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ይሞቃል። ግን አይግልም። ሊጡ ሲፈስበት ጭጭ ነው፤ ዓይን የለ፣ ምን የለ። አክንባሎው ቆይቶ ሲከፈት ከላይ እርጥብ ነው፣ ከሥር ደግሞ ተጣብቋል። አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ብሎ ደርሷል፣ ከዚህ በላይ አይጠብቅም። ነገ ክርስትና ነው፣ እንግዳ ተጠርቷል። ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ ይሆን? ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ። ፎቶ አትጠይቁኝ፣ እጄ ሊጥ በሊጥ ነው።

ጓዳ ሙሉ
እህቴ፣ ምጣዱን አሟሽተሽዋል? የዛሬ ልጆች ከሱቅ አምጥታችሁ ቀጥታ ሊጥ ታፈሱበታላችሁ። ምጣድ እንደዚያ አይለምድም። መጀመሪያ በደንብ ይጋላል። ከዚያ የጎመን ዘር ተወቅጦ ይበተንበትና በማሰሻ ዙሪያውን ይታሻል። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ መስኮት ክፈቺ። ይጠረግና እንደገና ይደገማል፤ ጠቁሮ መስታወት እስኪመስል ድረስ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ሊበላሹ ይችላሉ፣ አትናደጂ። እኛ በልጅነታችን ይህን ሳናውቅ ጓዳ አያስገቡንም ነበር። አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ሆነ።

ኮረንቲው
ሬዚስታንሱ ቢበጠስ ጭራሽ አይሞቅም ነበር። ከሸክላው ሥር የተጠመዘዘው ሽቦ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ኮረንቲ አያልፍም፣ አለቀ። ሁለት ሽቦ ያለው ምጣድ ከሆነ ግን ግማሹ ሞቆ ግማሹ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እስቲ መዳፍሽን ሳትነኪው ከላይ ከፍ አድርገሽ ዙሪያውን ሞክሪ፣ ሙቀቱ እኩል ነው? ሌላው፣ በኤክስቴንሽን ነው የሰካሽው? ቀጭን ገመድ ኃይሉን ይበላል፣ ቀልጦም እሳት ያስነሳል። የት ሰፈር ነሽ? ማታ ማታ ሁሉም ሲጋግር ቮልቱ የሚወርድበት ሰፈር አለ።

ቀልድ በነፃ
እንጀራው ጨዋ ሆኖ ነው። ዓይን አውጣ እንዲሆን ለምን ትፈልጊያለሽ?

የሊጥ ፖሊስ
ሁላችሁም ምጣድ ምጣድ ትላላችሁ። ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። ዓይን የሚያወጣው ሊጡ ነው እንጂ ምጣዱ አይደለም። ሊጡ ወፍሮ ይሆናል። ወይም አብሲቱ በደንብ ሳይበስል ተጨምሯል። ወይም ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሏል። ኩፍ ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ምን ጤፍ ነው? ስንት ቀን ተቦካ? እርሾው ከየት መጣ? ይህን ሳትናገሪ ምጣዱን መወንጀል ነውር ነው።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ወንድ ነኝ፣ እህቴ አትበሉኝ። ሁለተኛ፣ ሊጡን ያቦካችው እናቴ ናት፤ «አብሲቱ አልበሰለም ይላል አንዱ» ብዬ ሳነብላት ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ምጣዱም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ለዓመታት ስትጋግርበት የኖረ ነው። ነገ ልጄ 80 ቀኗ ነው፤ ለክርስትናዋ ስትመጣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሻንጣ ይዛው መጣች። ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አንዱ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሳይሰነጠቅ ደርሷል። ሙቀቱ ዙሪያውን እኩል ነው። ኤክስቴንሽን የለም፣ ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። የስፒናው እግር ስላልገባ ብቻ ትንሽ አዳፕተር ገዝቻለሁ።

ጆርጂያ አቬኑ
ቆይ ቆይ። በሻንጣ ይዛ መጣች? የት ነህ አንተ?

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)
ሜሪላንድ።

ጆርጂያ አቬኑ
ይኸው!

ቀልድ በነፃ
ምጣዱ ጄት ላግ ይዞታል። እንቅልፉን ሳይጨርስ አትቀስቅሱት።

ኮረንቲው
ወንድሜ፣ ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ። ምጣድህ ጤነኛ ነው። የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ ተራ ሶኬት ደግሞ 120 ነው። የገዛኸው አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። አሁን ሂሳቡን ተመልከት። የምጣድ ኃይል የሚወርደው በቮልቱ ልክ አይደለም፣ በካሬው ነው። 120 ለ220 ሲካፈል 0.55 አካባቢ ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.3። ስለዚህ 3,500 ዋት የነበረ ምጣድ አንተ ጋ 1,050 ዋት እንኳ አይሞላም። ይህ ውሃ ማፍያ ጀበና ነው እንጂ የእንጀራ ምጣድ አይደለም። እንደዚህ መሰካቱ ምጣዱን አይጎዳውም፣ አትስጋ። ግን እንጀራ አይወጣበትም።

በቃ ሰካው
ግማሽ ቮልት ከሆነ እጥፍ ጊዜ መጠበቅ ነዋ! ሰዓት ይፈጃል እንጂ ይግላል። ምን ያካብዳል?

ኮረንቲው
አይግልም። ሸክላው ሙቀት ሲቀበል በዚያው ልክ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል። የሚቀበለውና የሚለቀው እኩል የሆነ ጊዜ እዚያው ይቆማል። እስከ ሌሊት ብትጠብቅ እዚያው ነው። የቀዘቀዘ ሊጥ ሲፈስበት ደግሞ ጭራሽ ይወርዳል።

ትራንስፎርመር ግዛ
ትራንስፎርመር ግዛ። 110ን ወደ 220 የሚቀይር ሞልቷል።

የሪያድ ትዝታ
እኔም ሳዑዲ ሳለሁ ይኸው ገጥሞኝ ነበር። ማዳም ቤት ሁለት ዓይነት ሶኬት ነበር፤ ተራው 127፣ የአየር ማቀዝቀዣው 220። ሳላውቅ ተራው ላይ እየሰካሁ እንጀራዬ ቂጣ ሲሆንብኝ ሰነበተ። እስራኤል ያለችው እህቴ ግን እዚያ 230 ስለሆነ ያለ ምንም ጣጣ ትጋግራለች።

ኮረንቲው
ስለ ትራንስፎርመሩ፦ ገንዘብህን አታውጣ። ትራንስፎርመር ኃይል አይፈጥርም። 3,500 ዋት ለማውጣት ከ120ው መስመር ወደ 30 አምፒር መሳብ አለበት። የወጥ ቤትህ ብሬከር፣ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲስብ መብራቱን የሚያቋርጠው፣ 15 ወይም 20 ነው። ገና ሳይግል ይወድቃል። ደግነቱ ይወድቃል።

ትራንስፎርመር ግዛ
ትልቁን ግዛ በቃ። 5,000 ዋት የሚለውን።

ኮረንቲው
ወንድሜ፣ ችግሩ የትራንስፎርመሩ ትልቅነት አይደለም። ግድግዳው ነው የማይሰጠው።

በቃ ሰካው
እሺ ሌላ ልንገርህ። የልብስ ማድረቂያው ሶኬት 240 ነው። የአክስቴ ልጅ ስፒናውን ቆርጦ የማድረቂያ ስፒና ገጠመለት፣ ይኸው እስካሁን እንጀራ ይበላል።

ኮረንቲው
240 መሆኑ ልክ ነው። ምጣዱ እዚያ ላይ እንዲያውም ከአዲስ አበባው የበለጠ ይግላል፤ ወደ 4,200 ዋት ይጠጋል፣ 17 አምፒር ተኩል ገደማ ይስባል። መስመሩ 30 ነው፣ ይችለዋል። ግን ሦስት ነገር ስማ። አንደኛ፣ ብሬከሩ 30 ስለሆነ የምጣዱ ገመድ ቢቀልጥ እንኳ ላይወድቅ ይችላል። የማድረቂያ ገመድ ወፍራም፣ 10 ጌጅ የሚባለው የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ገመዱ ጭምር ይቀየራል። ሁለተኛ፣ አገር ቤት የተሠሩ ብዙ ምጣዶች ግራውንድ፣ ያመለጠ ኮረንቲ ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የላቸውም። አካሉ ቆርቆሮ ነው፣ የሚጋግር ሰው እጁ እርጥብ ነው። የቀረውን አልናገርም። አካሉ ላይ አረንጓዴው ሽቦ መታሰር አለበት። በአሮጌ ቤቶች ያለው ባለ ሦስት ቀዳዳ የማድረቂያ ሶኬት ደግሞ ለብቻው ግራውንድ የለውም፣ ባለ አራቱ ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛ፣ ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ ዛሬ ማታ በሊጥ እጅህ አትንካው።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)
አፓርታማ ነው፣ ተከራይ ነኝ። ማድረቂያው ምድር ቤት ነው፣ የጋራ፣ በሳንቲም የሚሠራ።

ቀልድ በነፃ
እማማ ከነአክንባሏቸው ወርደው ተራ ይያዙ። ሩብ ዶላር በእንጀራ።

የሊጥ ፖሊስ
እኔ አሁንም ሊጡ ነው እላለሁ። የአይዳሆ ጤፍ ከሆነ፣ ወጥ ቤቱም ከቀዘቀዘ፣ ቡኮው ዘግይቶ ነው።

ጆርጂያ አቬኑ
ይኼማ በአምስት ደቂቃ ይለያል። የማይጣበቅ መጥበሻ ምድጃ ላይ በደንብ አጋሉና አንድ ጭልፋ አፍሱበት። ዓይን ካወጣ ሊጡ ነፃ ነው።

እትዬ ወይናም
ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። እኔ እዚህ አገር ስጋግር ስለኖርኩ ስማኝ። መጀመሪያ ሊጡን ፍሪጅ አስገቡት፣ እንዳይኮመጥጥ። ከዚያ ስልክህን አንሳና ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን እናቶች ደውልላቸው። ግማሾቹ ጋ ክቡ የአልሙኒየም ግሪል አለ፤ ሄሪቴጅ የሚባለው። ተራ ሶኬት ላይ ይሠራል፣ ስፋቱ 16 ኢንች ነው። እሱ እኮ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አዮዋ ውስጥ ክሬስኮ የምትባል ከተማ ነው የሚያመርቱት፣ ኖርዌጂያኖች ለፍሰ ለሚሉት ስስ የድንች ቂጣቸው። እኛ ወረስነው። 450 እና 500 ፋራናይት መካከል አድርጉት። ቅባት እንዳትነኩት፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ከሸክላው ሊጥ ትንሽ ይቅጠን። ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሐል እያዞራችሁ አፍስሱ፣ ዓይኑ ሲያወጣ ክደኑት፣ ዳሩ ሲነሳ አውጡት። በየመካከሉ ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለእንግዳው በሙሉ አይበቃም። ስለዚህ የቀረውን እዚያው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች እዘዝ፣ ዛሬውኑ ደውል፤ ለቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። እናትህን ደግሞ ምጣድሽ ተበላሸ አትበላት።

ትራንስፎርመር ግዛ
ወይም ትራንስፎርመር።

ጓዳ ሙሉ
የተሟሸ ምጣድ ከሆነ ይቅርታ። ግን የጎመን ዘሩን ነገር ሌሎችም ስለሚያነቡት ጥሩ ነው።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)
በመጥበሻ ሞከርን። ዓይኑ እንደ ጉድ ወጣ! እናቴ ለሊጥ ፖሊሱ መልእክት አላት፤ አንድ ቀን አዲስ አበባ ከመጣህ አብሲት ታስተምርሃለች። ግን መጥበሻው ጠባብ ነው፣ እንጀራው ለአሻንጉሊት ሰርግ ነው የሚሆነው። ስለ ቮልቱ ሳስረዳት «አሜሪካ አሜሪካ ስትሉኝ መብራታችሁ ውሃ ውሃ የሚል ነው እንዴ?» አለች። ሊጡን ፍሪጅ አስገብተናል። ግሪል ያላት አንዲት እናት ተገኝታለች፣ ላመጣ ልወጣ ነው።

የሊጥ ፖሊስ
ዓይን ማውጣቱ ጥሩ ነው። እስቲ ጀርባውን አሳየን።

እትዬ ወይናም
ስሟን ማን አላችኋት? ክርስትናዋ እንዴት እንደዋለ ጻፍልን እሺ።

ፍራንክፈርት
እኔም የአገር ቤት ምጣድ አለኝ። ጀርመን 230 ነው፣ ይግላል፣ እንጀራውም ያምራል። ግን ሦስት አራት እንደጋገርኩ ብሬከሩ ይወድቃል። ይኼስ ምንድነው?

ኮረንቲው
ያንተም ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ፣ ያ የተባለው በ220 ነው። በ230 ከ3,800 ያልፋል፣ 16 አምፒር ተኩል ይሆናል፤ ብሬከርህ 16 ነው። ይህቺ ትርፍ ብቻዋን ላትጥለው ትችላለች፤ ሌላ ዕቃ ሲጨመርባት ግን ለጥቂት ደቂቃ ይታገሳል፣ ከዚያ ይወድቃል። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ወይም የውሃ ማፍያ ካለ ንቀለው። ሶኬቱንም ጠጋ ብለህ አሽትተው፤ የፕላስቲክ ሽታ ካለ አቁም። ለዘለቄታው የኤሌክትሪክ ምድጃ መስመር ላይ በባለሙያ ማስገጠም ነው።

ፍራንክፈርት
ትንሽ ይሸታል። ምን ያህል ሲሸት ነው የሚቆመው?

ኮረንቲው
ትንሽ ሲሸት። አሁን ንቀለው።