ያማሃ ሲኤስ-80 ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰው ያማሃ ሲኤስ-80 የሚባለውን የድሮ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) ሊሸጥልኝ ነው። እስካሁን የማውቀው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን አምሳያ ብቻ ነበር። ትናንት ዋናውን አሥር ደቂቃ ነካካሁት፤ ይኸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ግን አንዳንዱ ኖታ ቅኝት ይስታል። ሚዲ፣ ማለትም ከኮምፒውተርና ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ የለውም። የራሴን ድምፅ የት እንደማስቀምጥም አልገባኝም። ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ወገቤን፦ ስሜን ያወጣልኝ እሱ ነው። 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንዴ ብቻዬን ደረጃ ላስወጣው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተኝቻለሁ።

ሚዲውን እርሳው። ሚዲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ የዚህ ምርት ደግሞ በ1980 አብቅቷል።

ፍተሻው ቀላል ነው። አንድ ቁልፍ ተጫን፤ ሳትለቅ ሁለተኛውን ጨምር፤ እንዲህ እያልክ ስምንት ድረስ። በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ስምንት ኖታ ነው። እያንዳንዱ ኖታ ሁለት ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) አለው፤ ሁለት ሲንተሳይዘር በሁለት ረድፍ ተደርቦ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ረድፍ ለየብቻ ስማ። አንዱ ረድፍ ሌላውን ይሸፍንና ሞቶም አይታወቅህም።

ቅኝት መሳቱ አያስደንግጥህ። ሙቀት ሲቀያየር ይወዛወዛል። አብራውና ቡናህን ጠጥተህ ተመለስ። ሞቆም ካልተስተካከለ ግን ቴክኒሺያን ያስፈልገዋል፤ ሥራውም የአንድ ቀን አይደለም።

ድምፅ የምታስቀምጠው ክዳኑ ሥር ነው። ከፍተህ እየው፦ የትልቁ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ግልገል የሚመስሉ አራት ትንንሽ ሰሌዳዎች አሉ። ያንኑ ስላይደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) በጥፍርህ ታስተካክላለህ፤ ማስታወሻው ይኸው ነው። ልጄ አንድ ቀን ከፍታ ሁሉንም ወደ ላይ ገፋችልኝ። የክረምቱ ሥራዬ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አነሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አምሳያው ላይ ያጣኸው ነገር ቁልፉ ውስጥ ነው። በአራት ጣት አራት ቁልፍ ይዘህ ትንሿን ጣትህን ብቻ ጠንከር አድርገህ ተጫናት። ያቺ ኖታ ብቻ ትደምቃለች፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ከቁልፎቹ በላይ ያለችውን ሪባን፣ ድምፁን የምታንሸራትተውን ረጅም ጥብጣብ፣ ደግሞ ጣትህን አሳርፈህ ሳብ አድርጋት። የትም ብትጀምር መነሻው ጣትህ ያረፈበት ነው። የፊልም ሙቃ ደራሲው ቫንጌሊስ በሕይወት ሳለ ለምን ይወደው እንደነበር ያኔ ይገባሃል። እኔ ፕሪሴቶቹን (ፋብሪካው ያዘጋጃቸውን ድምፆች) የነካሁት መጀመሪያ ሰሞን ነው፤ ጣቴ ስንፍናውን ሲተው ድምፁ ራሱ ተቀየረ።

ሸጬ_ተገላገልኩ፦ ወገቤን ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ፍቅር ይዞታል። እኔ ከተጫወትኩበት ይልቅ ያስጠገንኩበት ጊዜ ይበልጣል። አሁን ሃይድራሲንት የሚባል ዘመናዊ ሲንተሳይዘር ይዣለሁ። እሱም በየቁልፉ ለየብቻ ግፊት ያነባል፣ በአንድ እጅም ይነሳል።

ወገቤን፦ ድምፁስ?

ሸጬ_ተገላገልኩ፦ እሱን ተወው።

ጀማሪው፦ ዛሬ ሄጄ በጣቴ ቆጠርኩ። የታችኛው ረድፍ ስምንቱም አለ። የላይኛው ሰባት ላይ ቀረ። ለባለቤቱ ሳሳየው እሱም አያውቅም ነበር፤ ዋጋ ለመቀነስ ተስማማ። ቅዳሜ አመጣዋለሁ። ሦስት ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ አራተኛ እየፈለግኩ ነው።

ወገቤን፦ እኔን እንዳታስብ።