«ስድ ነው እንጂ ባለጌ አይደለም»

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሲናገሩ «ስድ ነው እንጂ ባለጌ አይደለም» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ነበር የምቆጥራቸው። እኚህ እናት ልጃቸውን መንቀፋቸው ነው ወይስ መከላከላቸው?

መልስ፦ «ልቅ» ከ«ለቀቀ» እንደሚወጣ ሁሉ «ስድ»ም ከ«ሰደደ» ይወጣል፤ ትርጉሙም ያልታሰረ፣ ገሪ ያላገኘ ማለት ነው። በስንኝ ያልታሰረውን ጽሑፍ «ስድ ንባብ» የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። «ባለጌ» ግን «ባለገ» የሚል ግስ ስላለው ወደ ድርጊት ያዘነብላል፤ በወግ ያደገ ትልቅ ሰውም በሥልጣኑ ሊባልግ ይችላል። «ስድ» ሲባል ነቀፋው የሚያርፈው በአሳዳጊው ላይ ስለሆነ፣ ቃሉን እናት ራሷ ስትናገረው ጥፋቱን ወደ ራሷ ስባ ልጇን ማትረፏ ይመስለኛል።

መልስ፦ ይህ ግእዝን ያልነካ ሰው ትንተና ነው። በግእዝ «ሰደደ» ማለት አባረረ እንጂ ለቀቀ አይደለም፤ «ብፁዓን እለ ይሰደዱ በእንተ ጽድቅ» (ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው) የሚለውን የወንጌል ቃል ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «ስድ» ከጨዋ ማኅበር የተባረረ ማለት ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ግእዙን አልክድም፤ ነገር ግን በአማርኛ ከብቱ ወደ መስክ ይሰደዳል፣ ነገርም ሥር ይሰድዳል፤ ሥሩን ማን አባረረው ልንል ነው? አንድ ቃል ከግእዝ ቢወረስም በአማርኛ ቤት የራሱን ኑሮ ይኖራል።

መልስ፦ «ጨዋ» የሚለውን ካነሣችሁ አይቀር፣ የ«ባለጌ»ን ትርጉም ለማወቅ ተቃራኒውን መመርመር ይሻላል። እኔ «ጨዋ»ን የማዛምደው ከግእዙ «ፄዋ»፣ ማለትም ከምርኮ ጋር ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጭፍሮችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ከምርኮኛ ወደ ወታደር፣ ከወታደር ወደ መልካም አስተዳደግ የተጓዘ ቃል ከሆነ፣ ባለጌ ማለት መጀመሪያ ሥርዐት የሌለው ተራ ሰው ነበር ማለት ነው።

መልስ፦ ዝምድናው ያስኬድ ይሆናል፤ መደምደሚያው ግን ዘሎ የመጣ ነው። በጉባኤ ቤት አነጋገር «ጨዋ» የሚባለው የቤተ ክህነት ትምህርት ያልዘለቀው ሰው ነውና፣ ባለጌ ያልሆነ ሁሉ ጨዋ ነው ካሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚቀየሙዎት መምህራኑ ናቸው።