ጥቆማ፦ ውስጥ እግር ላይ ለወጣ ጥቁር ነጥብ አፕ ወይስ ሐኪም?

ሚሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ውስጥ እግሬ ላይ ወደ ተረከዙ አንዲት ጥቁር ነጥብ አይቻለሁ መቼ እንደወጣች እንጃ። ፎቶ አይተው የሚመረምሩት የስልክ አፖች ይሰራሉ ወይስ ቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ ልሂድ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ

ዝምተኛው፦ አፑን ተይው። የኔን "አደገኛ" አለኝ፣ መብራት አብርቼ ደግሜ ሳነሳው "ሰላም ነው" አለ

ጨረቃ፦ ስለ አፕ አላውቅም ግን ፔዲኪውር ቤት እንዳታስነኪው!! እኔ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር ነበረኝ፣ ልጅቷ ፈንገስ ነው ብላ ፋቀችው ፋቀችውና ቀለም ቀባችበት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቀለም በቀለም ላይ ሳስደርብ ከረምኩ፣ በኋላ ሲነሳ መስመሩ ሰፍቶ ጥፍሩ ስር ያለው ቆዳም ጠቁሯል። ባዮፕሲ (ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ) ተወሰደ፣ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆነ

ቤቲ፦ ወይኔ! የቱ ቤት ነው?

ጨረቃ፦ ስም አልጠራም። ቶሎ ስለተደረሰበት ተቆርጦ ወጣ፣ አሁን ደህና ነኝ

ኳሱ፦ አታስፈራሯት ባካችሁ፣ የኔም ጥፍር ጠቁሮ ነበር፣ በኳስ ተመትቶ የረጋ ደም ነው

ዝምተኛው፦ ቦብ ማርሌም የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር ወንድሜ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ሜላኖማ የእግር ጣቱ ላይ ተገኘበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ

የውቤ ልጅ፦ ሁላችሁም ታካብዳላችሁ። እኔ የምቀባው ክሬም ማድያትም ነጥብም ያጠፋል፣ ስንት ዓመቴ

ዝምተኛው፦ ባዮፕሲም ይሰራል ክሬሙ?

ሲስተር፦ ሚሚዬ ተረጋጊ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ውስጥ እግራችን ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የተለመደ ነው፣ በተለይ ሁለቱም እግር ላይ ካለ። የሚያሳስበው ብቻዋን አዲስ የወጣች፣ የምትሰፋ፣ ጠርዟ የተዘበራረቀ፣ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ጥቁር የሆነች፣ ከ7 ሚሊሜትር ያለፈች፣ ወይ የምትደማ ናት። አልድን ያለ ቁስልም ይታይ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይጠቁርም። የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋ እየገፋ ይወጣል፣ የእግር ጥፍር ግን ዓመት ያልፈዋል፣ ባለበት ከቆመ ወይ ከሰፋ አትጠብቂ። ደግሞ ፀሐይ አይነካውም ብለሽ አትዘናጊ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ላይ የሚወጣው ሜላኖማ ከፀሐይ ጋ ብዙም አይገናኝም። ደርማቶስኮፕ (ቆዳን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሐኪም ምረጪ፣ ውስጥ እግር እንደ ጣት አሻራ መስመር አለው አይደል፣ ቀለሙ ጎድጎድ ባለው ላይ ከተኛ ብዙ ጊዜ ሰላም ነው፣ ጉብ ባለው ላይ ከሆነ ባዮፕሲ ይወሰዳል። ክሬም ቀብተሽ እንዳትሄጂ፣ ምልክቱን ያደበዝዘዋል

የውቤ ልጅ፦ እኔ ግን ክሬሜን አልቀይርም

ሚሚ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጨረቃ ኢንቦክስ ላኪልኝ እስቲ

ቤቲ፦ የውቤ ልጅ፣ ክሬሙ ፊት ላይም ይሆናል?