የዕቅድ ውይይት፦ ለሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ተዘዋዋሪ የአዮን ወጥመድ ማሳያ

ረቂቅ ያዡ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአዮን ወጥመድ ቻርጅ ያለውን አተም (አዮን) በኤሌክትሪክ መስክ አንጠልጥሎ የሚይዝ፣ ለኳንተም ኮምፒውተር የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በጋራ የምናስገባው ፕሮፖዛል ሁለት ጠረጴዛ ይኖረዋል። አንዱ ላይ ቻርጅ ያለው ዱቄት አየር ላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ባለአራት ዘንግ ወጥመድ፣ ሌላው ላይ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚሽሩ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ይቀመጣሉ። እውነተኛ አዮን እንይዛለን ብለን አንጻፍ። ለካልሲየም አዮን ግፊቱ ከከባቢ አየር በ100 ትሪሊዮን እጥፍ ያነሰ ቫኪዩም፣ እንዲሁም የ397፣ የ866 እና የ729 ናኖሜትር ሌዘሮች ያስፈልጋሉ፤ ይህ ከአቅማችን በላይ ነው። ሕጉ ግን አንድ ስለሆነ በዱቄት ማሳየት ይቻላል።

የማብራሪያ ሰሌዳው በኮርቻ እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። ኮርቻ ላይ የተቀመጠች ኳስ ወደፊትና ወደኋላ ብትሄድ ትመለሳለች፤ ወደ ጎን ግን ተንከባላ ትወድቃለች። የማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክም እንዲሁ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲይዝ በሌላው ይለቃል። ይህን ኧርንሾው በ1842 አረጋግጦታል። መፍትሔው ኳሷ ወርዳ ሳትጨርስ ኮርቻውን ማገላበጥ፣ ማለትም ተለዋዋጭ ቮልቴጅ መስጠት ነው። ቮልፍጋንግ ፓውል የ1989 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነው በዚሁ ወጥመድ ነው።

ልኬቱ፦ ውፍረታቸው 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 15 ሴንቲሜትር የሆኑ አራት የስቴንለስ ዘንጎች፣ ከመካከለኛው መስመር እስከ ዘንጉ ገጽ 10 ሚሊሜትር። በሰያፍ የሚተያዩት ጥንድ ጥንድ ይያያዛሉ። በጥንዶቹ መካከል ጫፉ (ከፍተኛው ዋጋ) 3,000 ቮልት የሆነ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ፣ 50 ኸርዝ። የዱቄቱ ቻርጅ በኪሎግራም አንድ ሺኛ ኩሎም ቢሆን የመረጋጋት ቁጥሩ (ቅንጣቱ ተይዞ መቆየት አለመቆየቱን የሚናገረው) 0.6 ገደማ ይወጣል፤ ጣሪያው 0.908 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅንጣቱ ያመልጣል። ካልሲየም በ300 ቮልት፣ በ20 ሜጋኸርዝ፣ በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት 0.37 ገደማ ይሰጣል። ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን እንለጥፍ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በካልኩሌተር ይደርስባቸዋል።

ከመሃል ሜዳ፦
ስሌቱ ልክ ነው። ረቂቁ ላይ ግን ቮልቴጁ «ከተገኘው ትራንስፎርመር» ይመጣል የሚለው ሐረግ ይውጣ። የሚገኘው የማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር ይሆንና ሰው ይገድላል። ባለ 10 ቮልት-አምፔር ትንሽ ትራንስፎርመር ይጠቀለል፤ ከ220 ወደ 2,100 ቮልት፣ የሁለተኛው ጥቅልል መካከለኛ ነጥብ ወደ ምድር ሽቦ። በእያንዳንዱ ጫፍ አሥር ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ይግቡ። አንድ ባለ 10 ሜጋኦም ብቻ አይበቃም፤ ተራ ሬዚስተር ከ350 ቮልት በላይ ሲሸከም ላዩ ላይ ብልጭታ ይሄድና ጥበቃው ከንቱ ይሆናል። አሥሩ ሲከፋፈሉት ሰው አንዱን ዘንግ ቢነካ እንኳ ከ0.15 ሚሊአምፔር አያልፍም። ዘንጎቹ ጅረት ስለማይጠጡ ቮልቴጁ ብዙ አይወርድም፣ ሽቦው አጭር ከሆነ።

ሌላው ከፍታ ነው። እኛ ጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 0.71 ገደማ ስለሆነ ብልጭታ ለመዝለል የሚበቃው ቮልቴጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዘንጎቹ መካከል 12 ሚሊሜትር ስላለ እዚያ ስጋት የለም። ችግር የሚፈጥረው የብሎን ጫፍና ተቆርጦ የሾለ ሽቦ ነው፤ ሁሉም በሞረድ ይከብ። መያዣው እንጨት አይሁን። ደብረ ሲና ላይ ጉም ሲወርድ እንጨት እርጥበት ይጠጣና ቮልቴጁን በላዩ ያሳልፈዋል። አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ይሁን።

ከሸዋ ሮቢት፦
መግነጢስ ለብቻው ጠረጴዛ ከሚሰጠው ፔኒንግ ወጥመድ (በማይለዋወጥ የመግነጢስና የኤሌክትሪክ መስክ የሚይዝ) ለምን አንሠራም? ተለዋዋጭ ቮልቴጅ አይፈልግም፤ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ደግሞ በየቤቱ አለ።

ከደብረ ሲና፦
ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዱቄቱ ግን አይታዘዝም። ግማሽ ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) የሚሰጥ ማግኔት ብናገኝ ያ ዱቄት አንድ ዙር ለመዞር ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ተማሪው ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል! በ3 ቴስላ ውስጥ ያለ የቤሪሊየም አዮን ግን በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። በስዊዘርላንድ የሚገኘው የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ያሳተሙት የቺፕ ወጥመድ በዚህ መንገድ ይሠራል። ሰሌዳው ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

የመግነጢሱን ጠረጴዛ እኔ ልያዘው። ሁለት ጥቅልል፣ ራዲየስ 20 ሴንቲሜትር፣ እያንዳንዱ 50 ዙር፣ ርቀታቸውም 20 ሴንቲሜትር። በ0.16 አምፔር 36 ማይክሮቴስላ ይሰጣል፤ የእኛ አካባቢ የምድር መስክም ያን ያህል ነው። የግማሽ ሚሊሜትር ሽቦ 126 ሜትር ይበላል፤ 11 ኦም ይሆናል። ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር፣ 10 ኦም ቋሚና 50 ኦም ተስተካካይ ሬዚስተር ይበቁታል። የመግነጢስ ወገብ በአገራችን በኩል ስለሚያልፍ መስኩ ለጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥንድ ይበቃል። አውሮፓ ቢሆን መስኩ ወደ መሬት ስለሚያዘቀዝቅ፣ ሙሉ በሙሉ ለመሻር ጥቅልሎቹን ማጋደል ወይም ተጨማሪ ጥንድ መጨመር ያስፈልግ ነበር። ጅረቱ ልክ ሲመጣ የኮምፓሱ መርፌ ሰሜንን ይረሳና በተነካበት ይቆማል። ጠረጴዛው ብረት ካለው ግን አይሳካም፤ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ እግሩ ብረት ነውና ጥቅልሎቹ በእንጨት ሳጥን ከፍ ይበሉ።

ከኳንተም ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው፦ በካልሲየም አዮን ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት በሚሠራ ባሕርይው) ላይ የተጻፈ ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ) በአንድ ናኖቴስላ ለውጥ ድግግሞሹ 28 ኸርዝ ይንሸራተታል። አንድ ሜትር ርቆ 1 አምፔር የሚሸከም ነጠላ ሽቦ 200 ናኖቴስላ ያመነጫል፤ 5,600 ኸርዝ ማለት ነው። መሄጃና መመለሻው አብረው ከተገመዱ ግን እርስ በርስ ይሻራሉ። የጥቅልሎቹንም መጋቢ እንገምደው።

ከዓለም ከተማ፦
ዱቄቱን በተመለከተ፦ የጤፍ ዱቄት እንሞክር የተባለው ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ብልጭታ ካገኘም ይቀጣጠላል። የጠመኔ ብናኝ በቀጭን ጨርቅ ተነፍቶ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በጠርሙስ ይዘጋ። በፕላስቲክ ማንኪያ ጫፍ ጥቂት ተይዞ ማንኪያው በሱፍ ይታሸና ከላይ ይራገፋል። አብዛኛው ይወድቃል፤ አሥር ፍሬ ከቀረ ይበቃል። ወጥመዱ የሚቀመጥበት ሳጥን ክዳን ይኑረው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ቀርቶ የተማሪ ትንፋሽ ይጠርገዋል።

አንድ ነገር ረቂቁ ዘሏል። የተያዘው ቅንጣት በአረንጓዴ ሌዘር ሲበራ ነጥብ ሆኖ አይታይም፤ አጭር መስመር ነው። ክብደቱ ከመካከል ስለሚያወርደው በ50 ኸርዝ ይርገበገባል። ከዘንጎቹ በታች ሳህን አድርገን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ቀስ እያልን ስንጨምር መስመሩ ያጥርና ነጥብ ይሆናል። ቅንጣቱን ለማንሳት መካከል ላይ በሴንቲሜትር 100 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፤ ዘንጎቹ ስለሚከልሉት ምንጩ እስከ 500 ቮልት ይድረስ፣ በ10 ሜጋኦም በኩል። የቻርጁን ምልክት አስቀድመን ስለማናውቅ ዋልታ መገልበጫ ማብሪያ ይኑረው። በእውነተኛው ማሽን አዮኑን ከመካከል የሚገፋው ክብደት ሳይሆን ኤሌክትሮዱ ላይ የተጠራቀመ ቻርጅ ነው፤ የሚታረመው ግን በዚሁ ዘዴ ነው። ለእኔ ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ መያዙን ቪዲዮም ያሳያል።

ረቂቅ ያዡ፦
ተቀብያለሁ። «ዓላማ» የሚለው አንቀጽ እንዲህ ይታረማል፦ «ተማሪው የሳህኑን ቮልቴጅ በእጁ አስተካክሎ መስመሩን ነጥብ ያደርጋል፤ ጅረቱን አስተካክሎ የኮምፓሱን መርፌ ያደናግራል»። ፔኒንግ አንድ አንቀጽ። የጤፍ ዱቄት ወጥቷል።

ከሸዋ ሮቢት፦
ተስማምቻለሁ። የእኛ መብራት ሲዋዥቅ ቮልቴጁ ወርዶ ዱቄቱን ይጥለዋል፤ ስታቢላይዘር ይጨመር። በጄኔሬተር ከሆነ ድግግሞሹም ይለካ፤ 45 ኸርዝ ከወረደ 0.6 የነበረው 0.74 ይሆናል።

ከመሃል ሜዳ፦
የትራንስፎርመሩን ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ እሰበስባለሁ። ማሳያው የሚሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ሶኬታቸው የምድር ሽቦ እንዳለው አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ። የሌለው ቤት የመግነጢሱን ጠረጴዛ ብቻ ይውሰድ።