ጥቆማ፦ ከሐዋሳ ተነስቶ ሐይቅ ዳር በድንኳን ለማረፍ የቱ ቦታ፣ የቱ ዕቃ ይሻላል?

ጥያቄ፦ አራት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን። ከሐዋሳ ተነስተን ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር በድንኳን ማደር እንፈልጋለን። ግላምፒንግ የሚሉት ዓይነት ይሁንልን፤ አልጋ፣ መብራት፣ ሙቅ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ይኑረው። የት እንሂድ? ድንኳኑን እንግዛ ወይስ እንከራይ?

መልስ፦ ልጆቹ ይዋኛሉ ከተባለ ላንጋኖ ነው። በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ በኩል 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የውኃው ቡናማነት አያስደንግጣችሁ፤ ቆሻሻ ሳይሆን ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ብዙ ጊዜ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው የሚባለው እሱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ለዓይን የጠራ ይመስላል፤ ቢልሃርዚያ ግን አለበት። በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩትም እዚያው ነው። ሐዋሳ ላይ ጀልባ እንጂ ዋና አታስቡ።

የላንጋኖ ምዕራብ ዳርቻ ለዋናው መንገድ ስለሚቀርብ ለትንሽ መኪና ይመቻል፤ ሳባናን የመሳሰሉ ሪዞርቶች ያሉት በዚህ በኩል ነው። ምሥራቁ ደን፣ ጥላና ወፍ አለው፤ መንገዱ ግን ዝናብ ከመታው ፎር ዊል ይጠይቃል። በዚያ በኩል ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሰውን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ነው። አጭር የተጋጠ ሣርና የተረገጠ ጠባብ መንገድ ካያችሁ እዚያ ድንኳን አትትከሉ፤ የግቢውን ዘበኛ ጠይቁት፣ መውጫ መግቢያውን ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ነፋሱ ይበረታል። ልጆቹ ጠዋት ይዋኙ፤ የድንኳኑ በር ደግሞ ለሐይቁ ጀርባውን ይስጥ። በሩን ለፎቶ ብሎ ወደ ውኃው የሚያዞር ሰው ምሳውን ከአሸዋ ጋር ይበላል።

ሻላን ለማደሪያ አልመክርም። 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ውኃው ሶዳ ነው፣ ዳርቻው ላይ ያሉት ፍል ውኃዎች ቆዳ ይልጣሉ፤ ከልጅ ጋር ዓይን አይከደንም። ቀን በአብያታ ሻላ ፓርክ በር ገብቶ፣ ክፍያውን ፈጽሞ፣ አይቶ መመለስ ይበቃል። ወንዶ ገነት ከሐዋሳ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍል ውኃውና ደኑ ግሩም ነው፣ ሐይቅ ግን የለውም።

ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ቢሆን መልካም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ይመጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ይነግሣል፤ በነዚያ ቀናትና በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ከተማዋ ስለምትሞላ ቀድማችሁ ያዙ።

መልስ፦ በቦታው ከላይ ካለው መልስ ጋር እስማማለሁ፤ መኪና ከሌላችሁ ግን ላንጋኖ ድካሙ ይበዛል። ሃይሌ ሪዞርትም ሌዊ ሪዞርትም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናቸው፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ይደረሳል። አንዱ ግቢ ሣሩ ላይ ድንኳን እንድትተክሉ ከፈቀደ መጸዳጃና ሙቅ ሻወር የሚባለው ራስ ምታት በአንድ ጊዜ ይወገዳል። ስትደውሉ የምትጠይቁት ዋጋውን ብቻ አይሁን፤ ሻወሩ ሌሊት ክፍት ነው ወይ፣ ሙቅ ውኃው መብራት ሲጠፋም አለ ወይ፣ ከሰል ማንደድ ይፈቀዳል ወይ በሉ። ዓሣ ከፈለጋችሁ ጠዋት የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሂዱና ቆሮሶ (ቲላፒያ) አስልጣችሁ በበረዶ ሣጥን ያዙ። ረፋድ ላይ የሚገዛ ዓሣ ፀሐይ ላይ የቆየ ሊሆን ይችላል። ጦጣዎቹ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ፤ ምግብ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይደር።

መልስ፦ ስለ ድንኳኑ እኔ ልመልስ። ሦስት ምርጫ አላችሁ።

አንደኛው የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ኪራይ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ይተክሉታል፣ ቁመቱ ያስቆማል፣ ወንበርና ጠረጴዛም አብሮ ይመጣል። ጉድለቱ ወለል የለውም፣ ከሥሩ ክፍት ነው፣ የወባ ትንኝ መከላከያም የለውም፤ ቀትር ላይ ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። አጎበር በየአልጋው ከሰቀላችሁና ቀን ጎኑን ከጠቀለላችሁት ለሁለት ሌሊት በደንብ ያገለግላል። ዋጋ ስትነጋገሩ ማጓጓዣው፣ መንቀሉና የሠራተኞቹ አበል አብሮ እንዳለ አስረግጡ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው በመንቀያው ቀን ነው።

ሁለተኛው የፖሊስተር ድንኳን ነው። «የ6 ሰው» የሚለው ጽሑፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ለሚተኛ ነው፤ አልጋ ከገባ ሦስት ሰው ቢይዝ ነው። ሌሊት ትንፋሽ ከውስጥ ወደ ውኃ ተለውጦ ይንጠባጠባል፤ ሰው ዝናብ አስገባ ይላል እንጂ መስኮቱን ስለዘጋ ነው።

ሦስተኛው ባለ አንድ ምሰሶ ክብ የጥጥ ሸራ ድንኳን ነው፤ በሥዕል የምታዩት ይህ ነው። ባለ 5 ሜትሩ ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ አራት አልጋ በምቾት ይይዛል፤ ለእናንተ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። አዲስ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ተክላችሁ በውኃ አርሱትና ይድረቅ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ድገሙት። ክሩ ሲያብጥ የስፌቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ያልተደረገለት ድንኳን የመጀመሪያው ዝናብ ላይ በስፌቱ ያፈሳል። እርጥቡን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ደግሞ ሻጋታ መጥራት ነው፤ የሻጋታው ነጠብጣብ ከጥጥ አይለቅም።

የኔ ፍርድ፦ በዓመት ሦስት ጊዜ የማትወጡ ከሆነ አትግዙ። ገንዘቡን ለአልጋውና ለመጸዳጃው አውሉት።

አሸዋ ላይ ግን የትኛውም ድንኳን ቢሆን አብሮት የሚመጣው አጭር ካስማ አይይዝም። ጆንያ ሲሶውን አሸዋ ሙሉና አንገቱን በድንኳኑ ገመድ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቀብራችሁ በእግር ጠቅጥቁት። በነፋሱ በኩል ላሉት ገመዶች ይህ ግዴታ ነው፤ በሌላው በኩል የ60 ሳንቲ ሜትር ብረት ይበቃል።

ግራር ሥር አትትከሉ። እሾሁ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ በአየር የሚነፋ ፍራሽ አንድ ሌሊት አይውልበትም። መሬቱን ጠርጉ፣ ከሥር ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ሰሌን፣ ከዚያ ምንጣፍ አንጥፉ። ፍራሹ 15 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ሆኖ በእንጨት ፓሌት ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ በጣም እናመሰግናለን። ግቢ ውስጥ መብራት ባይኖርስ? ውኃስ ስንት እንያዝ? ሌሊቱ ለልጆች ይበርዳል ወይ?

መልስ፦ መብራቱን እንዲህ አስሉት። ባለ 5 ዋት አራት አምፖል ለ5 ሰዓት 100 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አራት ስልክ 60፣ ባለ 20 ዋት ማራገቢያ ለ6 ሰዓት 120። በሌሊት 280፣ በሁለት ሌሊት 560 ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ የሚይዘው 1,200 ነው፤ ሊድ አሲድ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ያ ይበቃችኋል። የመኪና ባትሪ አትዋሱ፤ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፣ እስከ ታች ሲራገፍ ይሞታል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ቤት ይቅር፤ ውኃ በቡታጋዝ ይፈላል።

የመጠጥ ውኃ በሰው በቀን 3 ሊትር፣ ለስድስት ሰው ለሁለት ቀን 36 ሊትር የታሸገ ግዙ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር ይጠነክራል። ለመታጠቢያና ለዕቃ በሰው በቀን 15 ሊትር ብትሉ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይወጣል። ለአንድ ሰው ገላ 11 ሊትር ቀዝቃዛ ላይ 4 ሊትር የፈላ ጨምሩ፤ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ልጅ አጠገብ ሲሆን ቀዝቃዛው ሁልጊዜ ይቅደም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ብርዱ የሚገባው ከሥር ነው፤ ከላይ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ከስፖንጁ ላይ ጋቢ ማንጠፍ ይሻላል። ከፋርማሲ የላስቲክ የሙቅ ውኃ ከረጢት ገዝታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አልጋው ውስጥ አስገቡ፤ ልጆቹ ሲተኙ አውጡት።

ከሰል ግን በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይግባ። «ነጥቷል፣ ጭሱ አልቋል» የሚባለው ነው ሰው የሚገድለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከነጣው ፍምም ይወጣል። ቡና ውጪ ይፈላ፤ ምድጃው እዚያው ውጪ ይደር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጪ ውጡና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።