ጥቆማ፦ ጅሬን ወይስ ኪቶ ፉርዲሳ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም የጅማ ሰዎች። ባለቤቴ ኪቶ ፉርዲሳ ቴክኖሎጂ ግቢ ሥራ አግኝቷል፤ እኔ ሆስፒታል ተመድቤያለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። መጀመሪያ ተከራይተን፣ ከተመቸን እዚያው መግዛት ነው ሐሳባችን። ለመኖሪያ ከጅሬን ሰፈርና ከኪቶ ሰፈር የቱ ይሻለናል?

የጅሬን ልጅ፦ ይሄማ ጥያቄም አይደል፣ ጅሬን! ጠዋት ስትነሺ ከተማው ከነጉሙ ከሥርሽ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጎረቤትሽ። ለሆስፒታሉም ይቀርብሻል። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው፤ ከጅሬን ወጥቼ አላውቅም።

ባለ ባጃጅ፦ ሌላ ቦታ ሳትኖር ነዋ ያወዳደርከው! ውሃ ሲጠፋ ጉሙን በጀሪካን ቀድታ ልጆቿን ታጥብበት? ማታ ዳገቱን ውጣ ስትሉን ስንት እንደምትከራከሩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ኪቶ ሜዳ ነው፤ ረግረጉም ቅርብ ነው። ቤቱን በክረምት እዪው። የግድግዳውን ሥር በእጅሽ ዳብሺ። ከታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሪ። ቁም ሳጥን ካለ ፈቀቅ አስደርጊ፤ ሻጋታው የሚደበቀው ከጀርባው ነው። ወለሉ ከግቢው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን ቦይ የወጣለት ከሆነ ግን ኪቶም ደህና ነው። ጅሬን ላይ ድጋፍ ግንቡንና ሮቶውን እዪ።

ተከራይ፦ ሰፈሩን ተዉት፣ ደላላውን ፍሩ! አምና አንዱ የ6 ወር ቅድሚያ አስከፈለኝ። ዕቃዬን ጭኜ ስደርስ ቤቱ ውስጥ ሰው ይኖራል። ዝናብ እየወረደ ፍራሼ መንገድ ላይ ነበር። ብሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እናት፦ ውይ ወንድሜ! እኛንም ኮሚሽን ሁለቴ አስከፍለውናል።

ባለ ባጃጅ፦ ስልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ይሄን ሰውዬ ሳላውቀው አልቀርም።

ሕግ ተማሪ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም ይላል። ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው። ክልል ላይ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለማንኛውም ብር በእጅ አትስጡ፣ በባንክ ይሁን። ስትገዙ ደግሞ ካርታው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ቡና ወዳጅ፦ ዕቃ ከአዲስ አበባ አትጫኑ። የጅማ እንጨት ሥራ እያለ! ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያለኝ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የጅሬን ልጅ፦ በርጩማውም ቢሆን ጅሬን ነው የሚያምርበት።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም ገለቶማ። ግንበኛው ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሁለት ቤት ልናይ ነው፤ አብረኸን ብታይልን የድካምህን እንከፍላለን።

ግንበኛው፦ እመጣለሁ። ክፍያው ቡና ይሁን።

እናት፦ እህቴ፣ ከሁለቱ የቱን እንደያዛችሁ ንገሪን። እኛም መልቀቃችን ነው።

ቡና ወዳጅ፦ በርጩማ የምትፈልጉ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጎራ በሉ።