ከጓሮ ማከማቻዬ አይጥና በረሮ አልወጣ አለኝ

ጠያቂዋ፦ ከቤታችን ጀርባ የእንጨት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለችን። ባለፈው ሳምንት ድንኳናችንን ስዘረጋው መሃሉ ላይ ጡጫ የሚያህል የአይጥ ጎጆ አገኘሁ፤ የተሠራውም ከድንኳኑ ከራሱ ጨርቅ ነው። ካርቶኖቹን ሳነሣ ደግሞ በረሮ በየአቅጣጫው ተበተነ። በሁለት ወጥመድ አራት አይጥ ይዣለሁ፤ ነገር ግን በየማለዳው አዲስ ኩስ አያለሁ። ምን ይሻለኛል?

አናጢው፦ እህቴ፣ መግቢያው ሳይደፈን ወጥመድ ብታበዢ ልፋት ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ ገብተሽ በሩን ከውስጥ ዝጊው። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቂና ብርሃን በሚሾልክበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ስንጥቅ ትገባለች፤ እርሳስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበቃታል። ቀዳዳውን በብረት ሱፍ ጠቅጥቀሽ በላዩ ሲሚንቶ ወይም ሲሊኮን ለስኚበት። ፎም ብቻውን እንዳያታልልሽ፤ እኔ ራሴ አንዴ ነፍቼበት በሳምንቱ መሃሉ እንደ ዋሻ ተፈልፍሎ ጠበቀኝ። በበሩ ሥር ላሜራ ምቺበት፤ የአየር ማስገቢያውንም ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ሸፍኚው።

አትክልተኛዋ፦ ውስጥ የዘር ወይም የእንስሳት መኖ ከረጢት አለ? ካለ ዛሬውኑ ክዳኑ ግጥም ወደሚል የብረት በርሜል ይዛወር። ፕላስቲክ ከሆነ አይጧ በጥርሷ ትበሳዋለች። ካርቶን ደግሞ ለበረሮ መደበቂያም ምግብም ነው፤ ሙጫውን ይበላል። እኔ ካርቶን የሚባል ነገር ከክፍሌ ካስወጣሁ በኋላ ነው የተገላገልኩት።

ድመት ወዳዱ፦ አንድ ድመት ይበቃል፤ ምን ይህን ሁሉ ያስለፋል!

አናጢው፦ ከግድግዳው ውስጥ የምትወልደውን አይጥ ድመቷ ምን ታደርጋታለች? አይጥ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች።

ጠያቂዋ፦ የዘር ከረጢት አለ፤ ለካ እኔው ነኝ የምቀልባት! መርዝ ወይም ናፍታሊንስ ብጠቀም?

የጤና ባለሙያዋ፦ መርዝ የበላች አይጥ ከግድግዳው ውስጥ ሞታ ትሸታለች፤ የተመረዘችውን የበላ ድመትም ሊጎዳ ይችላል። የናፍታሊን ሽታ ደግሞ አይጥ አያባርርም፤ የሚጎዳው እዚያ ገብቶ የሚተነፍሰውን ሰው ነው። ወጥመዱን ግን አትተይው፤ አይጥ የግድግዳ ጥግ ይዛ ስለምትሄድ ማጥመጃው በኩል ያለው ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርገሽ አስቀምጪው። ጥቂት የለውዝ ቅቤ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ፣ ኩሱን በደረቁ አትጥረጊው፤ አቧራው በሽታ ያስተላልፋል። በሩን ከፍተሽ ለግማሽ ሰዓት አናፍሺ፤ ጓንት አድርጊ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠሽ ኩሱ እስኪርስ ርጪበት፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በወረቀት ጥረጊው። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ።

አትክልተኛዋ፦ እግረ መንገድሽን የእንጨቱን እግር ተመልከቺ። አፈር የነካ እንጨት ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ ነው፤ እሱ ከአይጧም ይብሳል።

ጠያቂዋ፦ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። አሥራ አንድ ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ ትልቁ የመብራት ሽቦው የሚገባበት ነው፣ ዙሪያው በጥርስ ተከርክሞ ለስልሷል። የጭቃ መስመር የለም። ነገ ሲሚንቶ አቦካለሁ።